ሞሪያማ ማትሱኖሱኬ፦ ለቅኝ ገዥ መንግሥት የሠራ አርክቴክት ሥራው እንዴት ይመዘን?

ንድፈ ሕንፃ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መድረክ ስለ ጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። ዛሬ ራቅ ብዬ ስለ አንድ ጃፓናዊ ላወራችሁ ነው። ስሙ ሞሪያማ ማትሱኖሱኬ ይባላል። የታይዋን ፕሬዚዳንት ዛሬም የሚሠሩበትን ታይፔ ያለውን ቀይ ሕንፃ ለፍጻሜ ያበቃው እሱ ነው። ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ሁኔታውን ላስረዳ። ጃፓን ቻይናን በጦርነት አሸንፋ በ1895 በሺሞኖሴኪ ውል ታይዋንን ወሰደች። እስከ 1945 ድረስም ሃምሳ ዓመት በጠቅላይ ገዥ አስተዳደረቻት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የውጊያና የወረርሽኝ ነበሩ። ነገሩ ረጋ ሲል፣ በተለይ ጠቅላይ ገዥው ኮዳማ ጌንታሮና የሲቪል አስተዳደር ኃላፊው ጎቶ ሺምፔይ ከመጡ በኋላ፣ የታይፔ የድሮ የከተማ ግንብ ፈረሰ፤ በቦታው ሰፋፊ ጎዳናዎች ወጡ። በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ የሚቆም ነገር ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ለዚህ ሥራ ጠቅላይ ገዥው መሥሪያ ቤት ውስጥ የራሱ የግንባታ ክፍል ተደራጀ፤ ደመወዝተኛ አርክቴክቶችም ተቀጠሩ።

ሞሪያማ የተወለደው በ1869 ኦሳካ ውስጥ ነው። አባቱ በ1870ዎቹ ጃፓን ከኮሪያ ጋር ባደረገችው ድርድር የተሳተፈ ዲፕሎማት ነበር። ልጁ በ1897 ከቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ሕንፃ ተመረቀ። ያስተማረው ታትሱኖ ኪንጎ ነው፤ የጃፓንን ማዕከላዊ ባንክና የቶኪዮን ባቡር ጣቢያ የነደፈው ሰው። ታትሱኖ ራሱ የእንግሊዛዊው የጆሳያ ኮንደር ተማሪ ነበር፤ ከዚያም ለንደን ሄዶ ዊልያም በርጅስ ቢሮ ሠርቷል። ቀይ ጡብ፣ በመሐሉ ነጭ አግድም መስመር፣ ጉልላትና ማማ የሚደባልቀው አሠራር ከዚያ የመጣ ነው። ሞሪያማ ይህን ትምህርት ተሸክሞ ነው ታይዋን የወረደው፤ እስከ 1921ም እዚያው ሠራ።

ስሙን ያስጠራው ሕንፃ ታሪክ እንዲህ ነው። ጠቅላይ ገዥው መሥሪያ ቤት በ1907 ለአዲሱ ዋና ሕንፃ የንድፍ ውድድር አወጣ። ሞሪያማ ራሱ ተወዳድሮ የመጀመሪያውን ዙር ካለፉት አንዱ ነበር። ውጤቱ በ1909 ሲወጣ ለአንደኛነት የሚበቃ የለም ተባለ፤ ሁለተኛውን ሽልማት ናጋኖ ኡሄይጂ ወሰደ። ናጋኖም የታትሱኖ ተማሪ ነው፤ ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ ታትሱኖ ነበር። ግንባታው የተካሄደው በናጋኖ ንድፍ ነው ይባላል እንጂ እንደ ነበረ አልተሠራም። ንድፉ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ሞሪያማ እጁን አስገባበት። ትልቁ ለውጥ ማማው ነው። በናጋኖ ንድፍ ዝቅ ያለና ትሑት ነበር፤ በሞሪያማ እጅ 60 ሜትር ደረሰ። ሥራው በሰኔ 1912 ተጀምሮ በመጋቢት 1919 አለቀ። ወጪው 2.8 ሚሊዮን የን ነበር። ያኔ በደሴቲቱ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ሕንፃ አልነበረም።

ቦታው ደግሞ ባዶ መሬት አልነበረም። የቼን እና የሊን ቤተሰቦች የዘር አባቶቻቸውን የሚያስቡባቸው አዳራሾች እዚያ ቆመው ነበር፤ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ።

እኔ የመንግሥት አርክቴክትን ስመዝን የማየው አንድ ነገር አለ፦ አሠሪው የጠየቀው ምንድን ነው፣ እሱ በራሱ እጅ የጨመረውስ? ቢሮ፣ ፍርድ ቤት፣ የታክስ መሥሪያ ቤት የማንኛውም አስተዳደር ፍላጎት ነው። ያ ማማ ግን የጽሕፈት ሥራ የሚሠራበት አይደለም። ከተማው ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያየው የተነሣ ነው። የሞሪያማን ችሎታ አከብራለሁ፤ ለዚያ ማማ ግን ተጠያቂ ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተስ?

የግንብ ሰው

ልጄ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፤ ደስ ብሎኝ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በግንባታ ላይ ነኝ፤ ግንበኛ ሆኜ ጀምሬ ፎርማን ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ማማን ብቻውን ከፍ የሚያደርግ አርክቴክት አላየሁም። አርክቴክት ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ ከበላዩ ያለው «ይህ አነሰ» ይላል፤ እንደገና ይሣላል። ደመወዝተኛ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ተጠያቂነቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አትጫነው።

ሌላው ጥያቄዬ ስለ ጡቡ ነው። ታይዋን የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ናት ሲባል እሰማለሁ። ጡብ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲያወዛውዙት ይለያያል። 60 ሜትር ማማ በጡብ ብቻ ማቆም በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ድፍረት ነው። አርማታ ነበረው? ፌሮ ገብቶበታል?

ንድፈ ሕንፃ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። አዎ፣ አርማታ አለበት፤ ጡቡና አርማታው ተባብረው ነው የቆሙት። ከውጭ የሚታየው ቀይ ጡብ መስሎን የድሮ አሠራር ብቻ እንጠብቃለን እንጂ በጊዜው ከፍ ያለ ቴክኒክ ነበር። ሞሪያማ ለአርማታ ቀድሞ የነቃ ሰው ነው፤ የታይፔ የስልክ መለዋወጫ ሕንፃውም በደሴቲቱ ላይ በአርማታ ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንዱ እርስዎ ያነሡት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በመጋቢት 1906 ብቻ መካከለኛውና ደቡባዊው ታይዋን ተመትቶ ከ1,200 በላይ ሰው ሞቷል። ሁለተኛው ምስጥ ነው። የጠቅላይ ገዥው መኖሪያ በ1901 ተሠርቶ አሥር ዓመት ሳይሞላው ምስጥ የጣሪያውን እንጨት በልቶ አዳከመው። ከ1911 እስከ 1913 ድረስ እንደገና ያደሰው ሞሪያማ ነው፤ ዛሬ የምናየው ቁልቁል የተሰበረው የፈረንሳይ ዓይነት ጣሪያና ሁለት ፎቅ በረንዳ ከዚያ እድሳት የመጣ ነው። ሙቀቱ፣ ዝናቡ፣ እርጥበቱ፣ ምስጡ፣ መንቀጥቀጡ፤ ለንደን የተወለደ የአሠራር ስልት እዚያ ሲደርስ በግድ መለወጥ ነበረበት። በረንዳዎቹን በደንብ ብታዩአቸው ጥልቀታቸው ለጌጥ ሳይሆን ለጥላ ነው።

ደመወዝተኛ ነው ስላሉት ግን አንድ ነገር ልበል። የሌላ ሰው ንድፍ እጁ ገብቶ፣ ራሱ በተወዳደረበት ውድድር፣ በስሙ ባልወጣ ሥራ ላይ ይህን ያህል ለውጥ ያደረገ ሰው ታዛዥ ሠራተኛ ብቻ ነበር ብዬ ማሰብ ይከብደኛል።

ከታይፔ

ሰላም፤ እኔ እዚሁ ታይፔ የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ይህ ክር ሲከፈት ማመን አቃተኝ፤ ሕንፃውን በየሳምንቱ አልፈዋለሁ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ጡቡ ይቀላል። ከላይ ሲታይ ፕላኑ በመሐል መስመር የተከፈለ አራት ማዕዘን ነው፤ በውስጡ ሁለት ግቢ አለው። አየርና ብርሃን የሚገባው በእነዚያ ግቢዎች ነው።

ሰዎች ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለዚህ አንድ ሕንፃ ነው። ግን የሞሪያማን እጅ ለማየት ወደ ደቡብ ወርዶ ታይናን መሄድ ይሻላል። የታይናን አስተዳደር ሕንፃ በ1916 ነው ያለቀው። በ1945 በቦምብ ጣሪያው ተመታ፤ ከጦርነቱ በኋላ አየር ኃይል ገባበት፤ ከ1969 እስከ 1997 የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነበር። ታድሶ በ2003 የታይዋን ሥነ ጽሑፍ ብሔራዊ ሙዚየም ሆነ። የድሮው ውጫዊ ግድግዳ ከአዲሱ ክፍል ጋር በመስታወት ጣሪያ ስለተገናኘ የጎዳናው ፊት የነበረው ጡብ አሁን ቤት ውስጥ ሆኗል፤ በእጅ መንካት ይቻላል። ልጆች ሥሩ ተቀምጠው መጽሐፍ ያነባሉ።

እዚያው ቅርብ የታይናን ፍርድ ቤት አለ። ከ1912 እስከ 1914 የተሠራ ነው። በአንድ በኩል ጉልላት፣ በሌላው በኩል ማማ ነበረው፤ ሁለቱ ወገን ሆን ተብሎ እኩል አልተደረገም። ማማው በ1960ዎቹ መጨረሻ ለደኅንነት ተብሎ ፈረሰ። ከረጅም እድሳት በኋላ በ2016 የፍትሕ ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል። ጉልላቱ ሥር ቆሞ ቀና ማለት ነው፤ ዓምዶቹ ዙሪያውን ቆመዋል፣ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ጣሪያው ላይ ወጥቶም የእንጨት አውታሩን ማየት ይቻላል። ጋሼ የግንብ ሰው፣ እርስዎ ቢያዩት ከዚያ አይወርዱም።

የካቲት

ከታይፔ፣ ስለ ታይናን ፍርድ ቤት ውበት የጻፍከውን አነበብኩ። የቀረውን እኔ ልንገራችሁ፤ ውበቱ ብቻውን ሲወራ ያመኛል።

ሕንፃው ባለቀ በዓመቱ፣ በ1915፣ በደቡብ ታይዋን ዩ ቺንግፋንግ በሚባል ሰው የሚመራ አመፅ ተነሣ። የታፓኒ አመፅ ይባላል። መንደርተኞች፣ የገበሬ ልጆች፣ በእምነት የተሰባሰቡ ሰዎች ነበሩ። ጃፓኖች አመፁን በጦር ካደቀቁ በኋላ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋሙ፤ ችሎቱ ታይናን ተሰየመ፤ በዚሁ በአዲሱ የፍርድ ቤት ሕንፃ። 866 ሰዎች ላይ የሞት ፍርድ ተበየነ። እንደገና ላንብበው፦ ስምንት መቶ ስድሳ ስድስት። ጃፓን ውስጥ ራሱ ጩኸት ተነሣ፤ በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት የዘውድ በዓል ምክንያት የብዙዎቹ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ከዚያ በፊት የተገደሉት ግን ተገደሉ።

ያን ጉልላት ቀና ብሎ ያየ እስረኛ ምን እንደታየው አስቡ። ከገጠር የመጣ ሰው ነው፤ እንደዚያ ያለ ቤት ገብቶ አያውቅም። ዓምዱ፣ ከፍታው፣ ከላይ የሚወርደው ብርሃን ሁሉ አንተ ትንሽ ነህ ይለዋል። የነደፈው ሰው ይህን አላሰበም አትበሉኝ። የፍርድ ቤት ንድፍ ዋናው ቁም ነገሩ ይኸው ነው።

ንድፈ ሕንፃ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ መነሣት የነበረበትን ነው ያነሣሽው። እኔ ስለ ማማው ያልኩት በዚህ በጉልላቱም ይሠራል።

በዚህ ላይ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለውን ልጨምር። ሞሪያማ በታይፔ ከነደፋቸው አንዱ የሞኖፖል መሥሪያ ቤት ዋና ሕንፃ ነው፤ ከ1913 እስከ 1922 በደረጃ የተሠራ። ኦፒየም፣ ጨው፣ ካምፎር፣ ትምባሆ፣ አልኮል መጠጥ፤ እነዚህን መሸጥ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነበር። ካምፎር ከዛፍ የሚወጣ ጠንካራ ሽታ ያለው ነገር ነው፤ ያኔ ሴሉሎይድ የሚባለውን የመጀመሪያ ዘመን ፕላስቲክ ለመሥራት በዓለም ሁሉ ይፈለግ ነበር፤ ትልቁ ምንጩ ደግሞ የታይዋን ተራራ ደን ነው። ዛፉን ለማግኘት የተራራውን ነባር ሕዝቦች እየገፉ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። ከዚያ የተገኘው ገቢ ነው ወደ መንግሥት ካዝና ገብቶ ጡብና ሲሚንቶ የሆነው።

ሞኖፖሉ ጃፓኖች ከወጡ በኋላም አልቀረም፤ ከቻይና የመጣው አስተዳደር ወረሰው። የካቲት 27 ቀን 1947 የሞኖፖሉ ሠራተኞች ሲጋራ የምትቸረችር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መትተው ገንዘቧንና ዕቃዋን ወሰዱ፤ በግርግሩ መሐል አንድ ሰው በጥይት ሞተ። በማግስቱ ሕዝቡ ወጣ። ከዚያ የተከተለው እልቂት በታይዋን ዛሬም በየዓመቱ ይታሰባል። ሕንፃው ያው ነው፤ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ።

ታሪክ ወዳድ

ከዋሽንግተን ሰላም። ክሩን ከሥር ከሥር እየተከታተልኩ ነው። ጃፓንን በተመለከተ እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን የሆነ ታሪክ ስላለን ልጥቀሰው። በዚያው ዘመን የእኛ ምሁራን ጃፓንን እንደ አርአያ ነበር የሚያዩዋት፤ ነጭ ያልሆነች፣ ያልተገዛች፣ በራሷ የሠለጠነች አገር። የ1931 ሕገ መንግሥታችን የተቀረጸው የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት መነሻ አድርጎ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መጨረሻ ጃፓንን ሲጎበኙ ያች አገር ታይዋንንና ኮሪያን ይዛ ነበር፤ ማንቹሪያንም የወረረችው በዚያው ዓመት መስከረም ነው።

አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። በነጭ ኃይሎች የተከበበች አገር ተስፋ የምታደርግበትን ትፈልጋለች። ግን ከቶኪዮ የታየችው ጃፓንና ከታይናን ፍርድ ቤት የታየችው ጃፓን አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም አብሮ ማጥናት አለብን።

ጥያቄዬ፦ ኮሪያውያን የጠቅላይ ገዥውን ሕንፃ አፈረሱት ይባላል። ታይዋኖች ለምን አቆዩት?

ሶል የኖርኩ

ለዚህ እኔ ልመልስ። የሶሉ ሕንፃ ከ1916 እስከ 1926 የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ንድፍ የጀርመናዊው ጌኦርግ ደ ላላንደ ነበር፤ እሱ በ1914 ሲሞት ቀደም ሲል በታይዋን የግንባታ ክፍሉን የመራው ኖሙራ ኢቺሮ እና ሌሎች ቀጠሉት። ልብ በሉ፤ በሁለቱ አገሮች የሚሠሩት ሰዎች ይገናኛሉ።

የሶሉ ልዩ በደል ቦታው ነው። ግዮንግቦክጉንግ የተባለው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ በዙፋኑ አዳራሽና በዋናው በር መሐል ነው ያስገቡት። ከከተማው ቤተ መንግሥቱን የሚያይ ሰው እንዳይኖር ጋረደው፤ ዋናው በርም ከቦታው ተነሣ። ከነፃነት በኋላ ብዙ ነገር ሆነ፤ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ምሥረታ በ1948 የታወጀው እዚያው ነው፤ ከ1986 ጀምሮም ብሔራዊ ሙዚየም ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 1995፣ በነፃነት 50ኛ ዓመት፣ የጉልላቱ ጫፍ ተቆርጦ ወረደ፤ በ1996 ጠቅላላው ተነሣ። የጉልላቱ ጫፍና የተወሰኑ ድንጋዮች ቾናን ወደሚገኘው የነፃነት ሙዚየም ተወስደዋል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው የተቀመጡት፣ ጎብኚው ከላይ ሆኖ ወደ ታች እንዲያየው።

እኔ ማፍረሱን እደግፋለሁ። ቤተ መንግሥቱን ዛሬ ሄዶ ያየ ሰው ይገባዋል፤ በሩ፣ አዳራሹ፣ ከኋላ ያለው ተራራ በአንድ መስመር ይታያሉ። የቅርስ ጥበቃ ክርክር ሁሉ ያችን እይታ አይተካትም።

ንድፈ ሕንፃ

ወንድሜ፣ በሶሉ ጉዳይ ከአንተ ጋር ነኝ። አንዱ ሕንፃ ሌላውን ሸፍኖ ከቆመ የትኛው እንደሚበልጥ መምረጥ ግድ ነው።

በታይዋን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በግንቦት 31 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ታይፔን ሲደበድቡ የጠቅላይ ገዥው ሕንፃ በቦምብ ተመትቶ ለቀናት ነደደ። ከጦርነቱ በኋላ ማፍረስ ይቻል ነበር፤ የተመረጠው ግን መጠገን ነው። ለቺያንግ ካይሼክ 60ኛ ልደት መታሰቢያ ተብሎ ስሙ ተለወጠ፤ እድሳቱም በ1948 አካባቢ ተጠናቀቀ። በ1949 የቻይና ብሔርተኛ መንግሥት ተሸንፎ ወደ ደሴቲቱ ሲሸሽ ፕሬዚዳንቱ የገቡት እዚያ ነው። ከዚያ እስከ 1987 ድረስ ወታደራዊ ሕግ ሰፈነ። ስለዚህ ለታይዋን ሰው ያ ማማ የጃፓን ብቻ አይደለም። ከአንድ አገዛዝ ወደ ሌላው የተላለፈ ነው፤ በኋላ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ሕዝቡ በቀጥታ የመረጣቸው ፕሬዚዳንቶች ገብተውበታል። ፊቱ ያለውን አደባባይ ሰላማዊ ሰልፈኞች ሞልተውታል። የታይዋን ሰዎች ያቆዩበት ምክንያት አንድ ብቻ አይመስለኝም፤ ገንዘብም፣ ፖለቲካም፣ ልማድም አለበት።

ሁላችሁም የምታውቁት ታሪክ ይሁን ብዬ ደግሞ ስለ ቤይቶው ልጻፍ። ከታይፔ በስተሰሜን የፍል ውኃ ሰፈር ነው። በ1913 በጃፓኖች የተሠራ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አለ፤ ታች ጡብ፣ ላይ እንጨት። ብዙ ጊዜ ከሞሪያማ ስም ጋር ይነሣል። ከጦርነቱ በኋላ ለተለያየ ነገር ሲውል ቆይቶ ተጣለ፤ ሣርና አረም ዋጠው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሰፈሩ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራቸው ስለ አካባቢያቸው ሲያጠኑ አገኙትና ይዳንልን ብለው ለባለሥልጣናት ጻፉ። በ1997 ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ በ1998 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ሕፃናት ያዳኑት ቅርስ ነው። ስለ ሞሪያማ ሥራ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ይኼ ነው።

ተማሪ ነኝ

እኔ የሥነ ሕንፃ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይህ ሰው ወደ ጃፓን ከተመለሰ በኋላ ምን ሠራ? የቅኝ ግዛት አርክቴክት አገሩ ሲገባ ይከበራል ወይስ ይረሳል?

ንድፈ ሕንፃ

እህቴ፣ ይህን መልስ ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመው ክፍል ነውና።

በ1921 ተመልሶ ቶኪዮ ላይ በግሉ መሥራት ጀመረ። ከሥራዎቹ አንዱ ለኩኒ መስፍን ቤተሰብ የሠራው ቤት ነው፤ በ1924 ያለቀ፣ ሙሉ በሙሉ በጃፓን ባህላዊ የእንጨት አሠራር። ሌላው በሱዋ ሐይቅ ዳር ያለው የካታኩራ መታጠቢያ ቤት ነው። ካታኩራ በሐር ንግድ የከበረ ድርጅት ነበር፤ በ1928 ለሠራተኞቹና ለአካባቢው ሕዝብ መታጠቢያ አሠራ። ከውጭ የአውሮፓ ቤት ይመስላል፤ ውስጡ ሰፊ የእምነበረድ ገንዳ አለ፣ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር በላይ፣ ሰው ቆሞ የሚታጠብበት፣ ወለሉ ላይ ጥቁር ጠጠር የተነጠፈበት። ዛሬም ሕዝቡ ይታጠብበታል። በ2011 የአገር ጠቃሚ ቅርስ ተብሏል።

ሦስተኛው ሺንጁኩ ግዮኤን የሚባለው የቶኪዮ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ያለው ቤት ነው። ታይዋን የሚኖሩ ጃፓናውያን ለአልጋ ወራሹ ሠርግ ስጦታ እንዲሆን ገንዘብ አዋጡ፤ በ1927 ተሠራ። ኩሬ ዳር ያለ ትንሽ ማረፊያ ነው፤ ጣሪያው በደቡብ ቻይና አሠራር ጫፉ ወደ ላይ የወጣ፣ እንጨቱም ከታይዋን የመጣ። የነደፈው ሞሪያማ ነው።

እንግዲህ አስቢው። ታይዋን በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ ለታይዋን ሰዎች የአውሮፓን ቤት ሠራ፤ የአገሩ ግንበኞች ለዘመናት ያዳበሩትን አሠራር በመንግሥት ሕንፃ ላይ አላስገባውም። ቶኪዮ ሲመለስ፣ ለንጉሣዊው ቤተሰብ ስጦታ ሲሆን፣ ያንኑ አሠራር አውጥቶ ተጠቀመበት። አላውቀውም ነበር ማለት አይችልም። አይቶታል፣ አጥንቶታል፣ ውበቱም ገብቶታል። ለባለቤቶቹ ግን አልገነባውም። ክሩን ስከፍት በራሱ እጅ የጨመረው ምንድን ነው ብዬ ነበር፤ ይህ ደግሞ አውቆ የተወው ነው፤ ከማማውም በላይ የምጠይቀው በዚህ ነው።

በ1949 አረፈ። የመከበሩን ነገር ካነሣሽ፣ ስሙ ከጃፓን ይልቅ በታይዋን ይታወቃል።

የግንብ ሰው

ልጄ፣ ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ከአንተ ጋር ተስማማሁ። ስለ ማማው ያልኩትን ግን አልለውጥም።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁም አልፋችሁታል። የአርክቴክቱን ስም፣ የአስተማሪውን ስም፣ የአሠሪውን ስም ጻፋችሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ጡብ የደረደሩትስ? ያ ሁሉ ነጭና ቀይ መስመር ቱንቢ ይዞ፣ ውኃ ልክ ይዞ፣ በዚያ ሙቀት የቆመ ሰው አለው። መስመሩ 60 ሜትር ድረስ ሳይዛባ የወጣው በእነሱ እጅ ነው። አንዱ ጋ እንኳን «ግንበኞቹ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ እንደሆነ ከታይፔ ያለኸው ልጅ ብትነግረኝ።

የካቲት

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። የመንግሥት ፋይል የሚይዘው ወጪውንና ፊርማውን ነው። ሞሪያማን የምናውቀው ደመወዝተኛ ስለነበረና ስሙ በመዝገብ ስለገባ ነው።

ለእኔ ትክክለኛው አያያዝ የታይናን ፍርድ ቤት ነው። ሕንፃውን አድሰው፣ ዓምዱን አጽድተው፣ የዚያን የ1915 ችሎት ታሪክ እዚያው ውስጥ ያስተምራሉ። ልጁ ጉልላቱን እያደነቀ እዚያው ሥር የተፈረደባቸውን ሰዎች ታሪክ ይሰማል። የሞኖፖሉም፣ የጠቅላይ ገዥውም ሕንፃ እንዲሁ ሊደረግ ይገባል እላለሁ።

ንድፈ ሕንፃ

በዚህ እስማማለሁ፤ በተለይ የቼን እና የሊን ቤተሰቦች አዳራሽ የነበረበትን ቦታ ጎብኚው ቆሞ የሚያውቅበት ምልክት ቢኖር ደስ ይለኛል።

ተማሪዋ እህቴ፣ ማጥናት ከፈለግሽ ከሞሪያማ ቀጥሎ ኢዴ ካኦሩን እዪ። በ1911 አካባቢ መጥቶ የጠቅላይ ገዥው ሕንፃ ላይ ከሞሪያማ ጋር ሠራ፤ በኋላ የግንባታ ክፍሉን መራ። የእሱ የ1936 የታይፔ የሕዝብ አዳራሽና የ1934 የፍትሕ ሕንፃ ቀዩን ጡብ ትተው ፈዘዝ ባለ ቀለም የሸክላ ንጣፍ ለብሰዋል። ከአንድ ቢሮ፣ በሃያ ዓመት ልዩነት፣ ምን ያህል እንደተለወጠ ታያለሽ። እሱ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ በ1944 እዚያው ታይዋን አረፈ።

ከታይፔ

ጋሼ የግንብ ሰው፣ የግንበኞች ስም ያለበት ሰሌዳ እኔ እስካሁን አላየሁም። የፊታችን ሳምንት ገብቼ በደንብ እመለከትልዎታለሁ። ለሚመጣ ሰው ደግሞ፦ የፕሬዚዳንቱ ሕንፃ በሥራ ቀናት ጠዋት ለጎብኚ ክፍት ነው፤ የውጭ አገር ሰው ፓስፖርት ይዞ መምጣት አለበት፣ በነፃ ነው። የድሮው የጠቅላይ ገዥ መኖሪያ የሚከፈተው በተመረጡ ቀናት ብቻ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ታይናን ለመሄድ ፈጣኑ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚያወርድ፣ መሐል ከተማ የሚገባውን መደበኛ ባቡር ያዙ፤ ከጣቢያው ሁለቱም ሕንፃዎች በእግር ይደረሳሉ። መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን፣ ከዚያ ሙዚየሙን እዩ።